ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚሸሸው ባሕር

ይህን ልጽፍ ስቀመጥ ባለቤቴ ሰይፉ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አየና፣ «የፈለግሽውን ጻፊ፤ ቁመቴን ግን እንዳትነኪ» አለኝ። ይቅርታ ያድርግልኝና ቁመቱ ካልተነካ ታሪኩ አይሄድም። እኔ ከእሱ ከአንድ ስንዝር በላይ እረዝማለሁ። የሠርጋችንን ፎቶ ያየ ሰው እኩል ነን ብሎ ያስባል፤ ሚዜዎቹ ድንጋይ ላይ አቁመውት ድንጋዩን በቀሚሴ ጫፍ እንደሸፈኑት የምናውቀው እኛ ብቻ ነበርን። አሁን እናንተም አወቃችሁ።

ነገሩ የደረሰው እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ብርዱ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት አገር ነው። ሰይፉ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሁለታችንም ወደዚህ የመጣነው «ሁለት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን» ብለን ነበር። አትሳቁ፤ እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ የመጣው ለሁለት ዓመት ነው። እሱ ሀራሙስ በሚባል የሀብታም ሰፈር የአንድ ቪላ ዘበኛ ሆነ። እኔ ከዚያ ብዙም በማይርቅ ቤት ልብስ ማጠብና መተኮስ ጀመርኩ። ማደሪያችን ካርቲየ ሰባት በሚባል ሰፈር የተከራየናት አንዲት ክፍል ነበረች።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ጠንቃቃ ነበርኩ። በር ቆልፌ ከሄድኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ እነቀንቀዋለሁ። የታሸገ ነገር የሚያበቃበትን ቀን ሳላነብ አልገዛም። ከውዳሴ ማርያም የየዕለቱን ክፍል አንድ ቀን አዛንፌ አላውቅም። ጾም የሚገባበትንና የሚፈታበትን ቀን የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀው እኔን ነው። ሰይፉ፣ «አንቺ እኮ መልአከ ሞት ቢመጣ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» ይለኝ ነበር። እስቃለሁ፤ በልቤ ግን ደስ ይለኛል። ጥንቃቄዬንና እምነቴን ለይቼ አላያቸውም ነበርና። የሚሳሳተው ዝርክርክ ሰው ነው፣ ፈጣሪውን የሚፈራ ሰው ግን ሁሉን በሥርዓቱ ስለሚያደርግ አይሳሳትም ብዬ አምን ነበር። በሦስት ዓመት ትዳር ውስጥ «ተሳስቻለሁ» የምትባለው ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም። ሰይፉ ግን በቀን ሁለቴ ይላታል፤ አንዳንዴም እኔ ለተሳሳትኩት።

ውሻው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ቪላው ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ሽማግሌ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ የሥራ ጊዜያቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ውሻቸውን ይዘውት መሄድ አልቻሉም። ልቡ ደካማ ስለሆነ አውሮፕላን አይችልም ብሎ ሐኪሙ ከለከላቸው። ሴትየዋ እያለቀሱ የአንገቱን ማሰሪያ ለሰይፉ ሰጡት። ሰው ሲያለቅስ እምቢ ማለት የማይሆንለት ባሌ ይዞት ከች አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ብስኩት ነው።»

«ሰይፉ፣ የምሬን ነው የምጠይቅህ።»

«እኔም የምሬን ነው የመለስኩልሽ። ስሙ ብስኩት ነው።»

አየሁት። ቡናማ፣ ወገበ ረጅም፣ እግረ አጭር፣ ጆሮው እንደ ረጠበ ፎጣ የተንጠለጠለ። ቆጣ እንዳልኩ፣ «የጾም ነው የፍስክ?» አልኩት። ይህን ማለቴ ነው ያጠፋኝ። ሰይፉ ቀለድኩ ማለት ፈቀድኩ ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አከራያችን ወይዘሮ ኸድራ ደግ ሴት ነበሩ። ውሻውን ሲያዩ ግን ሽርጣቸውን ሰብስበው በሩ ላይ ቆሙ። በሚችሏት አማርኛ፣ እሱንና እኔን በየተራ እያመለከቱ፣ «ሰይፉ ልጄ ነህ። ፀዳለ ልጄ ናት። ይሄ ልጄ አይደለም» አሉ። የሚሰግዱበት ግቢ ነው፤ እውነታቸውን ነው። እኔም በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። በወሩ ሆዳን በሚባል ሰፈር ለብቻዋ ጠባብ ግቢ ያላት ክፍል አግኝተን ለቀቅን። ለውሻ ተብሎ ቤት ሲቀየር! እናቴ በስልክ ለምን እንደለቀቅን ስትጠይቀኝ፣ «አየሩ ይሻላል ብለን ነው» አልኳት። ውሸት እንዳይሆንብኝ ወጥቼ አየሩን ማግሁት። እውነትም ይሻል ነበር።

ለብስኩት ሕግ አወጣሁለት። ከደጃፉ አያልፍም። ዕቃው ለብቻው ነው። እኔ በእጄ አልነካውም፤ መንገድ ከዘጋብኝ በመጥረጊያው እንጨት ገፋ አደርገዋለሁ። የጸሎት መጽሐፍ በሚይዝ እጅ ውሻ መዳሰስ አይሆንልኝም ነበር። የሚያጥበውም የሚያበላውም ሰይፉ ነው። ብስኩት ግን የሚወደው እኔን ሆነ። ከሥራ ስመለስ ገና መታጠፊያው ላይ ከታክሲ ስወርድ ያውቀኛል። ሰይፉ እየቀና፣ «ሥጋ የምገዛለት እኔ፣ ጅራት የሚቆላው ለመጥረጊያሽ» ይላል።

እነዚያን ዓመታት ሳስብ በወቅት ተከፍለው ነው የሚመጡልኝ። አገራችን ክረምት ሲሆን እዚህ እሳት ነው። እናቴ በስልክ፣ «ዝናቡ ከቤት አላስወጣን አለ» ስትለኝ እኔ እርጥብ አንሶላ ተከናንቤ ነው የምሰማት። ካምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ ሦስታችንም ዝም እንላለን፤ ብስኩት የውሃው በርሜል ሥር እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሆዱን ለጥፎ፣ እኛ ደጃፉ ላይ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን። ማንም ከማንም ምንም አይፈልግም። ከጥቅምት ወዲህ ግን ዓለም ይለወጣል። ጎረቤቶቻችን ሹራብ ይለብሳሉ፤ እኔ የደብረ ብርሃኗ ያንን «ብርድ» እያየሁ እስቃለሁ። ያኔ የሽርሽር ጊዜያችን ይጀምራል። አንድ ጊዜ የሰይፉ አብሮ አደግ የሆነ የከባድ መኪና ሾፌር ወደ አርታ ተራራ ወሰደን። ብስኩት በእኔና በሰይፉ መካከል ተቀምጦ ጆሮው በነፋሱ እየተርገበገበ፣ እኔ ከእሱ ሸሽቼ በሩ ላይ ተለጥፌ። ላይ ስንደርስ ቀዝቃዛው አየር ፊቴን ሲነካኝ ዕንባዬ መጣ። ሾፌሩ፣ «ምነው እህቴ፣ አነዳዴ ነው?» አለኝ።

በዚያ ዓመት ግን ከኅዳር ጀምሮ የያዝነው ባሕሩን ነበር። ሰይፉ ዕረፍት የሚወጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ነው። ከሀራሙስ ወዲያ ያለው ዳርቻ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስንደርስ፣ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ አሸዋው ራቁቱን ወጥቶ፣ እርጥብ ሜዳ ሆኖ እናገኘዋለን። ለደገኛ ሰው ይህ ተአምር ነው። መጀመሪያ ቀን እግሬን ማሳረፍ ፈራሁ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሄድን፤ ዘጠኝ ሰዓት፤ ሸሽቷል። ለሦስተኛ ጊዜ ሄድን፤ ሸሽቷል። በአራተኛው ሰይፉ፣ «ዛሬስ ይኖር ይሆን?» ሲል፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሕሩ ይሸሻል» አልኩት፣ የጾም መግቢያ እንደምናገር። ደርሰን አየን፤ ሸሽቷል። ሰይፉ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣኝ።

ማንንም አልጠየቅሁም። ምን ያስጠይቃል? አራት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛ አገር ወንዝ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል፤ ልማዱን ካወቅህለት አያታልልህም። ባሕርም ልማድ አለው፣ እኔም አውቄበታለሁ አልኩ።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሳምንት የሰይፉ የሥራ ባልደረባ የወንድሙ ሠርግ ዓርብ ላይ ዋለበትና ቀን ተቀያየሩ። ስለዚህ ዕረፍታችን በአራት ቀን ቀድሞ ሰኞ ሆነ። ሰኞ በመሆኑ በጣም ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ፍስክ ነው። እስከዚያ ቀን ሽርሽራችን ሁሉ ዓርብ እየዋለ ብስኩት ባሕር ማለት ምስርና ዳቦ የሚበላበት ቦታ ይመስለው ነበር። ዓሣ ጠብሼ፣ እንቁላል ቀቅዬ፣ ረጅሙን ዳቦ ገዝተን፣ ቀኑ ይርዘምልን ብለን በጠዋት ተነሣን። ዳርቻው ላይ ስንደርስ አምስት ሰዓት ነበር። ባሕሩ ሸሽቷል።

«ዘጠኝ ሰዓት አላልሽም?» አለ ሰይፉ።

«ገና በአምስት ሰዓት እንዲህ ከሸሸ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት እንደሚደርስ አስበው» አልኩት። «ዛሬ እስከዚያ ድረስ እንሄዳለን።»

ያሳየሁት አንድ ከፍ ያለ የአሸዋ ጉብታ ነበር። ሩቅ ነው፤ ከዳርቻው ሦስት የኳስ ሜዳ ያህል ይሆናል። በመካከሉ ዝቅ ያለ ቦታ አለ፤ ስናልፍበት ቁርጭምጭሚታችን እንኳ አልራሰም። ብስኩት በአጭር እግሩ ሸርጣን እያባረረ ቀድሞን ደረሰ። ዓሣውን በላን። ብስኩት ድርሻውን ወስዶ ድርሻችንን ጠየቀ። ሰይፉ በጀርባው ተንጋለለ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ማንበብ ጀመርኩ።

ስጨርስ ዳርቻው ላይ አንድ ሰው ቆሟል። አሸዋ ላይ ከተጋደመች ከባድ ጀልባ አጠገብ፣ ነጭ ጨርቅ እያውለበለበ።

«ማነው?» አልኩ።

«እንጃ። ሰላም እያለን ነው።» ሰይፉ ተነሥቶ ባርኔጣውን አውለበለበለት። ሰውየው አብዝቶ አውለበለበ። እኔም የነጠላዬን ጫፍ አነሣሁለት። «ሰላምተኛ ሕዝብ እኮ ነው» አለ ሰይፉ። ሰውየው ምን እንደፈለገ አንዳችንም አላሰብንም።

ብስኩት ግን ዕረፍት አጣ። ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሮጣል፣ ይመለሳል፣ ይጮኻል። ዞሬ አየሁ። ያቺ ቁርጭምጭሚት ያላራሰች ቦታ ብርማ ሆና ታበራለች። ውሃ ገብቶባታል።

«ፀዳሌ፣ ይሄ ውሃ ከየት መጣ?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አልደነገጥኩም። እኔ ያደግሁበት አገር ውሃ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ጎርፍ ቢመጣ ከተራራ ነው፤ ድምፅም አለው፣ ድንጋይ እያንከባለለ ነው የሚመጣው። ይህ ግን ድምፅ የለውም። ከታች ሽቅብ የሚወጣ፣ እንደ ሌባ በጓሮ የሚገባ ውሃ አይቼ አላውቅም። «ትንሽ ውሃ ተመልሶ ገብቶ ነው» አልኩት። «አሁን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይደርቃል።»

«አሁን ብንሻገረው? ጉልበት አይደርስም።»

«ልብሳችንን ለምን እናበላሻለን? ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። አንቺ ካልሽ አለና ተቀመጠ። ይህቺን «አንቺ ካልሽ» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ጉልበት በማይደርስ ውሃ ፊት፣ እኔ ስላልኩ፣ ሞቱን ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

እኔም ጠንቃቃ አይደለሁ? ዝም ብዬ አልጠበቅሁም። የሰይፉን የዘበኝነት ዱላ ተቀብዬ ውሃው ጠርዝ ላይ ተከልኩት፤ ሲሸሽ ላየው። ጸሎት ደግሜ ቀና ስል ዱላው ውሃ ውስጥ ነው። ነቅዬ ወደ እኛ አስጠግቼ ተከልኩት። እንደገና ውሃ ውስጥ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስተክለው የተቀመጥንበት ምንጣፍ ጫፍ ላይ ደርሻለሁ። ሰይፉ ብድግ አለ። ዱላውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዳርቻውን አየ። ከሰውየው በቀር አንድም ሰው የለም፤ ሰባት ሰዓት ስለሆነ የዕለቱ ጫት ገብቷል፣ ከተማው ሁሉ ሊቅም ወደየቤቱ ተከቷል። ሰውየው ማውለብለቡን ትቶ እጁን ራሱ ላይ ጭኗል።

«ፀዳሌ» አለ ሰይፉ በዝግታ፣ «ውሃው እየሄደ አይደለም። እየመጣ ነው።»

አፌን ከፈትኩ። «ዘጠኝ ሰዓት...» ብዬ ልጀምር ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አልኩት።

ያልተለመደ ነገር ስለሆነበት ነው መሰለኝ፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ዞሮ አየኝ። «ምን አልሽ?»

«ተሳስቻለሁ ሰይፉ። ስለ ባሕር ምንም አላውቅም። ዋና ትችላለህ?»

«ቦርከና ወንዝ ላይ፣ በልጅነቴ፣ እስከ ወገቤ።»

እኔ እስከ ወገቤ እንኳ አልገባሁም። ምንጣፉን ትተን ገባን። እሱ ዱላውን ይዞ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ወገብ። ወደ ዝቅተኛው ቦታ ስንደርስ ውሃው ወደ ጎን ይጎትታል። ብስኩት ከኋላችን መዋኘት ጀመረ፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ፣ እንደ ሽማግሌ እያለከለከ። እግሩ አጭር ነው፣ ልቡ ደካማ ነው። ወደ ጎን ይዞት ሲሄድ አየሁ።

«ሰይፉ! ብስኩት!»

ሰይፉ ዞሮ ሁለት እርምጃ ወደ እሱ ሄደና ማሰሪያውን ያዘው። በዚያው ውሃው አገጩ ደረሰ። ቆመ። ወደፊት ያለው ከዚያም ይጠልቃል። እኔን አየኝ፤ ለእኔ ውሃው ገና ደረቴ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ሁለታችንም ስለ ሠርጉ ድንጋይ ሳናስብ አልቀረንም።

«አንቺ ሂጂ» አለኝ። «እኔ እሱን ይዤ ወደ ጉብታው ልመለስ።»

ጉብታው በቅርቡ እንደማይኖር እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ስጠኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ውሻውን ስጠኝ! ዱላውንም ስጠኝ። አንተ ቀሚሴን ከኋላ ያዝ። ከለቀቅህ እኔው ራሴ እገድልሃለሁ።»

ብስኩትን በሁለት እጄ ተቀበልኩት። እንዴት እንደሚከብድ! እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ! ከቆዳው ሥር ያ ደካማ ልቡ መዳፌን ይመታዋል። አንገቴ ላይ አጋድሜ፣ ሁለት ሁለት እግሩን በደረቴ በኩል አምጥቼ፣ ሰይፉ በነጠላዬ አሰረልኝ። እርጥብ አገጩ ጉንጬ ላይ አረፈ። ዱላዬን እያስቀደምኩ መሬቱን እየወጋሁ ሄድኩ። ደረት፣ ብብት፣ ትከሻ።

በቃሌ የማውቀውን ጸሎት ልጀምር አልኩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያጠናሁት፣ በእንቅልፌ የምለው። አንድ ቃል አልመጣልኝም። የመጣልኝ «ጌታ ሆይ፣ አላውቅም፤ ጌታ ሆይ፣ አላውቅም» የሚል ብቻ ነው። በየእርምጃው እሱን አልኩ።

ውሻው አንገቴ ላይ ስለሆነ ወደ ኋላ መዞር አልችልም። ሰይፉ መኖሩን የማውቀው ቀሚሴ ሲጎተት ብቻ ነው። ይጎተታል፤ አለ። ይጎተታል፤ አለ። ከዚያ ቀረ።

«ሰይፉ!»

ብስኩት ጆሮዬ ሥር ጮኸ። ዱላውን ወደ ኋላ ወረወርኩ ማለት ይቀለኛል፤ ጫፉን ግን አልለቀቅሁም። እንዲሁ በጭፍን ውሃውን ቀዘፍኩበት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ከበደኝ። ጎተትኩ። ማሳል ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳል ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«ለቀቅህ እኮ» አልኩ እያለቀስኩ።

«ቀሚስሽ... ተቀዶ ነው» አለኝ እያሳለ።

ከዚያ በኋላ ዱላውን ሁለታችን በሁለት ጫፍ ይዘን ሄድን። መሬቱ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ውሃው ከትከሻዬ ወደ ደረቴ ሲወርድ፣ ያ ጨርቅ ሲያውለበልብ የነበረው ሰው መቅዘፊያ ዘርግቶ እስከ ወገቡ ገብቶ እየጠበቀን ነበር። ሽማግሌ ነው፤ ጢሙን በሂና ያቀላ ሱማሌ። መቅዘፊያውን ስይዝለት መጀመሪያ ያወጣው ቃል በጥሩ የድሬዳዋ አማርኛ ነበር።

«እብድ ናችሁ ወይ አቦ! ስጠራችሁ ሰላምታ ትመልሱልኛላችሁ?»

ስሙ ሮብሌ ነው። በወጣትነቱ ድሬዳዋ ኖሯል። አሸዋው ላይ ተዘርረን እየተንቀጠቀጥን ሳለ ዙሪያችንን እየዞረ ተቆጣን። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚሸሽ መስሎኝ ነው» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አራት ጊዜ አየሁ።»

«ሁልጊዜ በአሥራ አምስት ቀን፣ በጁምዓ ትመጣላችሁ። አይቻችኋለሁ፤ ረጅሟ፣ አጭሩ፣ ውሻው።» ሰይፉ ሳሉን አቁሞ ቀና አለ። «ጨረቃ በአሥራ አምስት ቀን ግማሽ ዙሯን ትጨርሳለች፤ ያኔ ባሕሩ ወደ ነበረበት ሰዓት ይጠጋል። በመካከሉ ግን በየቀኑ ይዘገያል። ባሕር የጨረቃ ነው አቦ። የእጅ ሰዓት የለውም።»

ፊቴ ጋለ። የቤተ ክርስቲያናችን ጾምና በዓል በፀሐይም በጨረቃም ተቆጥሮ እንደሚወጣ ለሰፈሩ ሁሉ የማስረዳው እኔ ነኝ። ያቺው ጨረቃ ዓይኔ ሥር ውሃ ስታመጣና ስትመልስ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አላየኋትም።

ሮብሌ ከእርጥቡ ውሻ አንድ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ነበር የቆመው፤ የሚሰግድ ሰው ነው፣ ልብሱን ይጠብቃል። ግን ወደ ጀልባው ሄዶ የመጠጥ ውሃውን አመጣና ባዶ ጣሳ ውስጥ ቀድቶ በእንጨት ወደ ብስኩት ገፋለት። «ጨው ጠጥቷል» አለ። «ይጠማዋል። ነፍስ ነው።» ለእኛ የቀዳልን ከብስኩት በኋላ ነው። ያንን እንጨት ሳይ የራሴን መጥረጊያ አሰብኩ። ያው ርቀት ነው። እሱ ግን በእንጨቱ ውሃ ሰጠበት።

ማታ ቤት ስንደርስ ብስኩትን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሰይፉ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ እያየ፣ «መጥረጊያውን ላምጣልሽ?» አለኝ። የሳሙናውን ውሃ ረጨሁበት። በነጋታው ለንስሐ አባቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ውሻው ነበር ይበልጥ የጨነቀኝ፤ በዚያ እጄ መጽሐፍ ልያዝ ወይ ብዬ። እሳቸው ግን፣ «ልጄ፣ እጅሽን ታጥበሽ ያዢ። ውሻውስ ቀላል ነው» አሉኝ። «ያ ሰው ሲጠራችሁ ምን ፈልጎ ነው ብለሽ ያልጠየቅሽው ለምንድን ነው? ስለዚህ እሱን አስቢበት።»

አሁንም እያሰብኩበት ነው። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ባሕር አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በየቤቱ፣ በየትዳሩ፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ፊት «ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይደርቃል» ብለው የተቀመጡ ሰዎች አያለሁ። አብዛኞቹ እንደ እኔ ጠንቃቆች ናቸው። አጠገባቸው «አንቺ ካልሽ»፣ «አንተ ካልክ» ብሎ የተቀመጠ የሚወዳቸው ሰው አለ። ጥንቃቄ ክፉ አይደለም፤ ዛሬም በሬን ተመልሼ እነቀንቃለሁ። ግን አራት ጊዜ ያየሁትን ሁሉ አውቄዋለሁ ማለት ትቻለሁ። ያቺ «ተሳስቻለሁ» የምትባል ቃልም እንደ ፈራኋት አትመርም። ሰይፉ፣ «አበዛሻት፣ ለእኔም አስቀሪልኝ» ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ብስኩት ሁለት የሽርሽር ወቅት ኖረ። ባሕሩ ዳር ስንሄድ መጀመሪያ ሮብሌን እንፈልጋለን። «ዛሬስ?» እንለዋለን። እሱ ሰማዩን ሳይሆን ውሃውን አይቶ፣ «እስከዚያ ድንጋይ ድረስ ሂዱ፣ ሰው ሲጠራችሁ ግን ኑ» ይለናል።

ባለፈው የሙቀት ወቅት፣ ካምሲን በሚነፍስበት ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ የብስኩት ልብ ቆመ። ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። ሰይፉ በአንሶላ ጠቀለለው። ተሸክመነው፣ ዶማ ይዘን ወደ ዳርቻው ሄድን። ሮብሌ በዚያ ሐሩር ከጀልባው ጥላ ሥር ወጥቶ አየን።

«ሮብሌ፣ ባሕሩ ከቶ የማይደርስበት ቦታ የት ነው?» አልኩት።

ቀድሞን ሄደ። ዳርቻውን ትቶ፣ አሸዋው አልፎ፣ መሬቱ ድንጋያማ ከሚሆንበት፣ አንድ ትንሽ ግራር ካለበት ቆመና በእግሩ አሳየን። «እዚህ» አለ። «አባቴም እዚህ ድረስ ሲመጣ አላየም።»

ከባሕሩ ምን ያህል እንደሚርቅ በዓይኔ አልለካሁም። ዶማውን ከሰይፉ ተቀብዬ መቆፈር ጀመርኩ።